የበዓል ዕረፍት ንባብ፦ ስለ ጦርነትና ስለ ዓለም ጉዳይ ማንበብ ለሚወዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል፣ ከገና እስከ ጥምቀት፣ ለውጭ ነዋሪ ደግሞ ከፈረንጅ ገና እስከ እኛ ገና ያሉት ቀናት መጽሐፍ ለያዘ ሰው የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በየበዓሉ መዳረሻ የሚመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ያልተባለ ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ስለ ጦርነት ብዙ አንብቤ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከአንድ ጦርነት ይጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች፣ ስለ ቬትናምና ስለ መካከለኛው ምሥራቅ የሚያወሱ አምስት ወፍራም መጻሕፍት ይገዛና የሁሉንም መግቢያ አንብቦ ይተዋል። አንድ ጦርነት ይምረጡና ቢያንስ ከሁለት ወገን ያንብቡት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ምን እንደሆነ ይነግርዎታል። የመጀመሪያው ጸሐፊ የዘለለውን የሚያዩት ግን ሁለተኛውን ሲያነቡ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው የ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ነው። የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» እና የሀዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ጎን ለጎን ሲነበቡ ግሩም ጥንድ ናቸው። ራስ እምሩ የሽሬ ግንባር አዛዥ ነበሩ። ሀዲስ ደግሞ በእሳቸው ጦር ውስጥ የዘመተ ወጣት ነበር፤ ኋላም ተማርኮ ጣሊያን አገር ታስሯል። አንዱ ጦሩን የሚያየው ከአዛዥ ድንኳን ነው፦ የስንቅ ማነስ፣ የመልእክት መዘግየት፣ የመኳንንቱ ክርክር። ሌላው የሚያየው ከተራ ዘማች ጎን ነው፦ ድካሙን፣ ፍርሃቱን፣ የጓደኛውን ፊት። ሁለቱን ያነበበ ሰው «ግንባር» የሚለው ቃል ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ሦስተኛ ለመጨመር ጊዜ ካለዎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያ ክፍል ያንሡ። የተጻፈው ንጉሠ ነገሥቱ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሳሉ ነው። ስለ ጄኔቭና ስለ መንግሥታት ማኅበር ያለው ክፍል ጦርነቱ በዲፕሎማሲ በኩል እንዴት እንደተሸነፈ ያሳያል። ከፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ጋር ቢያነጻጽሩት ደግሞ የበለጠ ይጣፍጣል፤ እሳቸው በጄኔቭ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፣ በብዙ ነገርም ከንጉሡ ጋር አይስማሙም።

የጣሊያኖቹን ወገን ከማን ላንብብ?

ከአንጄሎ ዴል ቦካ። ጣሊያናዊ ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ ነበር፤ አገሩ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን በሰነድ ለማረጋገጥ ለአሥርታት ታግሏል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር እውነቱን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ሥራው ይገኛል። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረውን የማርሻል ባዶሊዮንም የጦርነት መጽሐፍ የሚያነብ አለ። በዚያ መጽሐፍ ሁሉም ነገር በእቅድ ሄዶ በእቅድ ያለቀ ይመስላል፤ ስለዚህ ብቻውን አይነበብም። ከራስ እምሩ በኋላ ቢያነቡት ግን የአሸናፊ ጸሐፊ ምን ምን እንደሚዘል ጥሩ ትምህርት ይሆናል።

በበዓሉ ዕረፍት ስንት መጽሐፍ መጨረስ እችላለሁ?

በግምት ሳይሆን በሰዓት ይለኩት። ሊያነቡ ካሰቡት መጽሐፍ መሃል 10 ገጽ መርጠው ሰዓት ይዘው ያንብቡ። መጀመሪያውን ለመለኪያ አይውሰዱ፤ መግቢያ ሁልጊዜ ይፈጥናል። 10 ገጹ 24 ደቂቃ ከወሰደ በሰዓት 25 ገጽ ያነባሉ ማለት ነው። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን አለ። በቀን አንድ ሰዓት ቢያገኙ 300 ገጽ ይሆናል፤ ይህም አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ነው። ሦስት መጽሐፍ ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው ሁለቱን ሳይገልጥ ይመለሳል።

ከዚያ ላይ የበዓሉን ዋዜማና ዕለቱን ይቀንሱ። በግ በሚታረድበት፣ ሽንኩርት በሚከተፍበትና ዘመድ በሚመላለስበት ቀን ስለ ጦር ስልት የሚተነትን መጽሐፍ መክፈት ትርፉ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ ማንበብ ነው። የሚሻለው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ቤተሰቡ ሳይነሣ፣ ቡና ሳይፈላ።

የአገራችንንና የውጭውን መጽሐፍ ሳነብ ዓመተ ምሕረቱ ይምታታብኛል። ምን ላድርግ?

ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ብዙ አንባቢ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7 ይደምሩ፤ ከታኅሣሥ 23 ገደማ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምሩ። የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው፦ 7 ሲደመር 1935፣ ማለት ኦክቶበር 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው፦ 8 ሲደመር 1936፣ ማለት ማርች 31። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነው ነገር በፈረንጁ መጽሐፍ ሁለት ዓመት ላይ ይከፈላል። «አንዱ ጸሐፊ ተሳስቷል» ብሎ የሚደመድም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህችን ረስቶ ነው።

አንዲት የተደበቀች ወጥመድም አለች። የውጭ መጻሕፍት የአድዋ ድል ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነው ይላሉ። እኛ የካቲት 23ን ስናከብር ግን የፈረንጁ ቀን ማርች 2 ነው። ስሕተት የለበትም። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ የሚመጣው ስድስተኛ የጳጉሜን ቀን አይቀርም። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ያለ ማንኛውንም ቀን ሲያመሳክሩ ይህችን አንድ ቀን ያስታውሱ።

የሚረዳው ዘዴ ይህ ነው፦ በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ትንሽ ወረቀት ይለጥፉና ዋና ዋናዎቹን ስድስት ወይም ሰባት ቀናት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ስለ አድዋ አንድ መጽሐፍ ብቻ ላንብብ ብል?

በአማርኛ ከሆነ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «ዐፄ ምኒልክና የኢትዮጵያ አንድነት» ወይም የጳውሎስ ኞኞ «አጤ ምኒልክ»። ሁለቱ የተለያየ ጠባይ አላቸው። ተክለ ጻድቅ ሰነድ ይደረድራሉ፣ ያገናዝባሉ፤ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይስማማሉ። ጳውሎስ ያወራል፤ ደብዳቤ ይጠቅሳል፣ ነገሩን ሕያው ያደርገዋል፤ ለበዓል ሰሞን የእሱ ይፈጥናል። በእንግሊዝኛ የሬይመንድ ጆናስ «ዘ ባትል ኦፍ አድዋ» (2011 እ.ኤ.አ.) ጥሩ ነው፤ በተለይ የጣሊያንን የውስጥ ፖለቲካና የዘመኑን የአውሮፓ ጋዜጦች ስለሚያካትት።

የትኛውንም ቢያነቡ ግን ሁለት ነገር ላይ ይቆዩ። አንደኛው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል መላክ እንደሚችሉ ይናገራል፤ ጣሊያንኛው ግን ይህን ግዴታ አድርጎ አቀረበው። በዚህች አንድ ግሥ ምክንያት ነው ኢትዮጵያ በአውሮፓ ካርታ ላይ የጣሊያን ጥገኛ ተብላ የተቀባችው። ስለ ዓለም አቀፍ ውሎች ሌላ ምንም ባያነቡ ይህን አንቀጽ ያንብቡ።

ሁለተኛው የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ለብርጌድ አዛዦቹ የሰጠው ንድፍ አንዱን ኮረብታ በዚህ ስም ይጠራዋል። በቦታው ስሙ የታወቀው ኮረብታ ግን ሌላ ነው፤ በርካታ ኪሎ ሜትር ወደፊት ይገኛል። ጄኔራል አልቤርቶኒ ሌሊቱን ሲጓዝ መሪዎቹ ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ወሰዱት። ሲነጋ ብርጌዱ ከሌሎቹ ተነጥሎ ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ ተገኘ። ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ያለው ጦር ተከፋፍሎ የተመታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እዚህ ገጽ ሲደርሱ ካርታ ካልያዙ ታሪኩ ያመልጥዎታል፤ የስሞች ዝርዝር ብቻ ነው የሚቀርዎት።

ካርታ ይዞ ማንበብ ስንል እንዴት ነው?

የተንቀሳቃሽ ስልክ ካርታ ይበቃል፣ ግን የመሬቱን ከፍታ በሚያሳየው መልክ ያድርጉት። መንገድ ብቻ የሚያሳየው ካርታ ለጦርነት ንባብ አይረዳም፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነቱን የወሰኑት አምባዎቹና በሮቹ ናቸው። አምባ አላጌን ከፍታውን ያላየ ሰው ለምን በተለያየ ዘመን ደጋግሞ እንደተዋጉበት አይገባውም።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ዕልባት ያስገቡ፦ አንዱ ያቆሙበት ገጽ ላይ፣ ሌላው መጽሐፉ ራሱ ያለው ካርታ ላይ። ቦታ በተጠራ ቁጥር ወደ ሁለተኛው ይመለሱ። መጀመሪያ ያሰለቻል፤ ከ40 ገጽ በኋላ ግን ጦሩ ወዴት እንደሚሄድ ጸሐፊው ሳይነግርዎ ይገምታሉ።

ስሞችም ያስቸግራሉ። በውጭ መጽሐፍ መጨረሻ ያለው የስም ማውጫ አንዳንዴ ኢትዮጵያዊውን በአባቱ ስም ይመድበዋል፤ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» ላይ ይፈልጉት ይሆናል። የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ ሰውየውን በፈረሱ ስም ሊጠሩት ይችላሉ፦ አባ ዳኘው ሲል ምኒልክ፣ አባ ነጋ ሲል ራስ አሉላ፣ አባ ታጠቅ ሲል ቴዎድሮስ ናቸው። በዕልባቱ ወረቀት ላይ አሥር ያህል ስም ከነፈረስ ስሙ መጻፍ ብዙ መመለስን ያስቀራል።

አንዱ መጽሐፍ የሚሰጠው የሟች ቁጥር ከሌላው ጋር አይገጥምም። ማንን ልመን?

ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት እንዴት እንደተገኘ ይጠይቁ። የየካቲት 12 ቀን 1929ን የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ይውሰዱ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው። የጣሊያን ምንጮች ያቀረቡት ከዚህ እጅግ ያንሳል። ኢያን ካምፕቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዓይን ምስክሮችን፣ ፎቶግራፎችንና የከተማውን የዚያን ጊዜ የሕዝብ ብዛት አገናዝቦ 19,000 ገደማ ላይ ደረሰ። ቁጥሩ ያንስብኛል ወይም ይበዛብኛል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ሆኖም የካምፕቤል መጽሐፍ ስሌቱን በግልጽ ስላስቀመጠ ሊከራከሩት ይችላሉ። ስሌቱን የማያሳይ ቁጥር ግን ልክ ቢሆን እንኳ ልኩን ማወቂያ የለዎትም።

የደርግ ዘመን ባለሥልጣናት ማስታወሻ ሊነበብ ይገባዋል?

አዎ፣ ግን ለብቻው አይነበብም። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» እና የፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። ዋጋቸውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ይምረጡ፤ ለምሳሌ የሶማሊያ ወረራ፣ ወይም በ1981 ግንቦት የተሞከረው የመፈንቅለ መንግሥት ቀን። የሦስቱንም ማውጫ ከፍተው ስለዚያ ቀን ብቻ የጻፉትን በተከታታይ ያንብቡ።

ስታነጻጽሩ ግሡን ተከተሉ። «ወሰንኩ» ያለው የትኛው ነው? «ተወሰነ» ያለውስ? ድል ሲሆን ባለቤት ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ጥፋት ሲሆን ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ከበዛ ጸሐፊው የት እንደሚሸሽ አገኛችሁት ማለት ነው። ሁለተኛው መለኪያ ቦታው ነው፦ ጸሐፊው በዚያ ዕለት በስፍራው ነበር ወይስ ሰምቶ ነው የጻፈው? ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ራሱ ከሃያ ገጽ በፊት ነግሯችኋል።

ከእነዚህ ጋር የገብሩ ታረቀ «ዘ ኢትዮጵያን ሬቮሉሽን» (2009 እ.ኤ.አ.) ይያዝ። ስለ ኦጋዴንና ስለ አፍዓበት ጦርነቶች የወታደራዊ ሰነዶችን እየጠቀሰ ስለሚጽፍ የማስታወሻዎቹን ክፍተት ለመለየት ይጠቅማል።

ማስታወሻን መጠርጠር ለእኛ ሰዎች ብቻ የሚያስፈልግ አይምሰላችሁ። የሮበርት ኬኔዲ «ሰርቲን ዴይስ» ስለ ኩባ የሚሳይል ቀውስ የተጻፈ እጅግ የሚመስጥ ትንሽ መጽሐፍ ነው። የታተመው ጸሐፊው ከተገደሉ በኋላ በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። አሰናድተው ለኅትመት ያበቁት ቴዎዶር ሶረንሰን በ1989 እ.ኤ.አ. እንዳመኑት ግን የኬኔዲ ማስታወሻ በቱርክ የነበሩት የአሜሪካ ሚሳይሎች መነሣት የስምምነቱ አካል መሆኑን በግልጽ ይናገር ነበር፤ እሳቸው ናቸው ያወጡት። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓለም ያነበበው ያ ክፍል የጎደለውን ነው።

ስለ ዓለም ኃያላን ፉክክር አንድ ጥንድ መጽሐፍ ብትመርጡልኝ?

የባርባራ ተክማን «ዘ ገንስ ኦፍ ኦገስት» እና ከላይ የተጠቀሰው «ሰርቲን ዴይስ»። የተክማን መጽሐፍ በ1962 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወጣ፤ ስለ 1914 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ የጦርነት ወር ነው፤ ማንም በሙሉ ልቡ ያልፈለገው ጦርነት በባቡር መርሐ ግብርና በተዘጋጀ እቅድ እንዴት እየተጎተተ እንደመጣ ያሳያል። በዚያው ዓመት ከጥቅምት 6 እስከ 18 ቀን 1955 በነበሩት 13 ቀናት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ይህንን መጽሐፍ አንብበው ስለነበር እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደገም እንደተጨነቁ ወንድማቸው ይጽፋሉ። መጀመሪያ ተክማንን፣ ቀጥሎ ኬኔዲን ያንብቡ። ከተክማን የምዕራፉን ብዛት ከፈሩ የጦርነቱን ውሳኔ የሚተርኩትን ብቻ ወስደው የምሥራቁን ግንባር ለሌላ ጊዜ ያቆዩ።

ቲም ማርሻልም በብዛት ይጠየቃል። «ፕሪዝነርስ ኦፍ ጂኦግራፊ» ቀላልና ፈጣን ነው፤ «ዘ ፓወር ኦፍ ጂኦግራፊ» የተባለው ተከታዩ ስለ ኢትዮጵያ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ለአውሮፕላን ጉዞ ይስማማሉ። ድክመታቸው ሁሉን ነገር በተራራና በወንዝ መፍታታቸው ነው፤ ሰው የሚወስነውን ያሳንሱታል።

ጥንታዊዎቹን፣ ሱን ዙን፣ ቱሲዲደስንና ክላውዘቪትዝን፣ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለብኝ?

የለብዎትም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መሞከርም ነው ብዙዎችን የሚጥላቸው።

የጥንቱ ቻይናዊ የሱን ዙ የጦር ጥበብ መጽሐፍ 13 አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ነው፤ በአንድ ቀትር ያልቃል። ችግሩ ከማጠሩ የተነሣ ጥቅስ እየተመነዘረ ለንግድም ለፍቅርም መዋሉ ነው። ስለ ሰላዮች የሚናገረውን የመጨረሻውን ምዕራፍ ሁለቴ ያንብቡት፤ ረጅም ጦርነት አገር እንደሚያደኸይ የሚያስረዳውን ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ቱሲዲደስ ግን ዕድሜ ልክ የሚነበብ ሰው ነው። የአቴንስንና የስፓርታን ጦርነት ታሪክ የጻፈ አቴናዊ የጦር አዛዥ ነበር፤ አምፊፖሊስ የተባለችውን ከተማ ሳያድን በመቅረቱ 20 ዓመት ተሰደደ። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ሰዎች ማነጋገር ቻለ። ስለ ወረርሽኙ የጻፈውም ራሱ ታሞ ስለዳነ ነው። በሚከተለው ቅደም ተከተል ይጀምሩት፦ መጀመሪያ አምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለውን የሜሎስ ንግግር፣ ማለት ኃያሏ አቴንስ ትንሿን ደሴት «ተገዢ ወይም ጥፊ» ያለችበትን። ቀጥሎ በሁለተኛው መጽሐፍ ያለውን የወረርሽኙን ትረካ። ከዚያ በሦስተኛው መጽሐፍ ስለ ኮርኪራ የእርስ በርስ ጦርነት ያለውን፤ ቁጥር 82 ላይ ቃላት ትርጉማቸው እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ችኩልነት ጀግንነት፣ አስተዋይነት ፈሪነት እንዴት እንደሚባል ይጽፋል። ይህን ገጽ በእኛ ዘመን ያለፈ ሰው ልቡ ሳይደማ አያነበውም። በመጨረሻ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን መጽሐፍ፣ የሲሲሊን ዘመቻ። ይህ ሁሉ ከሙሉው ሲሶ ገደማ ነው። ታሪኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ411 እ.ኤ.አ. ላይ በድንገት ይቋረጣል፤ ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ገዛሁ ብለው አይደንግጡ።

የፕሩሲያውን መኮንን የክላውዘቪትዝን ሥራ ከመጀመሪያው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍና ስለ «ሰበቃ»፣ ማለት በጦርነት ቀላሉ ነገር ሁሉ እንደታሰበው እንዳይሄድ ስለሚያደርገው እክል፣ የሚናገረውን ሰባተኛውን ምዕራፍ አንብበው ይዝጉት። ጸሐፊው በ1831 እ.ኤ.አ. በኮሌራ ሞተ፤ መጽሐፉን በቀጣዩ ዓመት ያሳተመችው ሚስቱ ማሪ ናት። ራሱ በተወው ማስታወሻ ያለቀ አድርጎ የቆጠረው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ነበር።

ልብ ወለድስ ይቆጠራል?

በደንብ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ሲወጣ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ አየ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 እንደወጣ ቀረ። የጦርነት ፕሮፓጋንዳ እንዴት እንደሚሠራ ከብዙ የጥናት መጽሐፍ በላይ ያስተምራል፤ ባለታሪኩ ጋዜጠኛ ነውና ዜናው ሲሰፋ እናየዋለን።

ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» (የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ») የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በአማርኛ ይሰጠናል። ሲያነቡት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ታሪኩ የተጻፈው ከተሸነፈው ደቡብ አይን ነው፤ የጥቁሮቹ ባሮች ሥዕል በዚያ ዓይን የተቀባ ነው።

የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ1928 ጦርነት የተዋጉ ሴቶችን ያነሣል። ከስቬትላና አሌክሲየቪች «ዘ አንዉመንሊ ፌስ ኦፍ ዋር» ጋር ያጣምሩት፤ የሶቪየት ሴት ዘማቾች በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ይህ ሁለተኛው ልብ ወለድ አይደለም፣ በቃለ መጠይቅ የተሠራ ነው። በቀን ከ30 ገጽ በላይ ግን አይሞክሩ፤ ከባድ ነው።

መጽሐፍ ሳይሆን አጭር ነገር ቢሆንልኝስ?

ሰነዱን ራሱን ያንብቡ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር 111 አንቀጽ ነው። አንቀጽ 2ን እና ከ39 እስከ 51 ያሉትን ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ «ራስን የመከላከል መብት» ሲባል በዜና ሲሰሙ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ያውቃሉ። የአልጀርስ ስምምነት (ታኅሣሥ 3 ቀን 1993) እና የፕሪቶሪያ ስምምነት (ጥቅምት 23 ቀን 2015) ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ስለ እነሱ ከሚከራከረው ሰው አብዛኛው አላነበባቸውም። በቅርቡ ስላለፈው ጦርነት ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው ምክራችን ይኸው ነው፦ አስተያየቱን ትቶ መጀመሪያ የተፈረመውን ወረቀት።

የጆን ኸርሲ «ሂሮሺማ»ም አለ። በ1946 እ.ኤ.አ. በመጽሔት የወጣ፣ ስድስት ከቦምቡ የተረፉ ሰዎችን የሚከተል ሥራ ነው። በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ማታ ከመተኛት በፊት አይሁን።

በትረካ ባዳምጠውስ?

ልብ ወለድና ማስታወሻ ለጆሮ ይስማማሉ፤ ኩሽና ውስጥ ሥራ ላይ ሆነው ሊሰሙት ይችላሉ። የውጊያ ቀን ትንተና ግን አይሆንም፤ ካርታ ማየትና ወደ ኋላ መመለስ ይጠይቃል።

ለስጦታ ለማን የቱን ልስጥ?

ለ15 ዓመት ልጅ የጳውሎስ ኞኞ መጽሐፍ፤ ውጭ ተወልዶ አማርኛ ማንበብ ለሚከብደው ደግሞ የጆናስ። ከዘመቻ ለተመለሰ አባት ወይም አጎት ግን እሱ ስለተዋጋበት ግንባር የተጻፈ መጽሐፍ ሳይጠይቁ አይስጡ። አንዳንዱ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱ ስሙን እንኳ መስማት አይፈልግም። የሚሻለው ስለ ሌላ ዘመን ጦርነት የተጻፈ ሰጥቶ እሱ ራሱ እንዲያወራ ዕድል መተው ነው።

አሮጌ ወይም ኮፒ የሆነ መጽሐፍ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

ብዙዎቹ የድሮ የአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት የሚገኙት በአሮጌ መጻሕፍት ሻጮችና በአዟሪዎች እጅ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ሆነው የተጠረዙም ሞልተዋል። ከመክፈልዎ በፊት ቆመው ሦስት ነገር ይዩ። መጀመሪያ የገጽ ቁጥሩን በየ16 ገጹ ይዝለሉ፦ 16፣ 32፣ 48 እያሉ። መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የሚጠረዘው በ16 ገጽ እጥፍ ነውና ሲጎድል አብሮ የሚጎድለው ይህን ያህል ነው፤ አንዳንዴም አንዱ እጥፍ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሌላው ይቀራል። ቀጥሎ ካርታዎቹንና ፎቶዎቹን ይክፈቱ፤ በኮፒ ጥቁር ሆነው የወጡ ከሆነ መጽሐፉ ለጦርነት ንባብ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። በመጨረሻ ጠርዙን ገልጠው የውስጠኛውን ኅዳግ ይመልከቱ፤ በጥረዛ ጊዜ የተዋጠ ጽሑፍ ካለ የእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ፊደል አይታይም። ፈልገው ያጡትን መጽሐፍ አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሊያገኙላቸው ይችላሉ፤ ሁለቱም በበዓል ቀን ዝግ ስለሚሆኑ ቀደም ብለው ይሂዱ።